ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ በክር ሲለካ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አየር ርቀት ነበሩ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ አሽከርካሪ ነኝ። አዲስ አበባ ለመድረስ በሞጆ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። በአየር ግን 210 ገደማ ነው ይባላል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከሞጆ። መንገድዎ ሻሸመኔን፣ ዝዋይንና መቂን አልፎ ወደ ምሥራቅ እየሳበ ሞጆ ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፈው በቢሾፍቱ በኩል ይገባሉ። ቀጥታው መስመር ይህን ሁሉ ትቶ ሻላ ሐይቅን ከላይ ያቋርጣል። አውሮፕላኑም ቢሆን ከ210 ጥቂት ይጨምራል፤ ሲነሣና ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል ይዞራልና።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ይህንኑ ርቀት ኮምፒውተር ላይ ስፈልግ አንዱ 130 ማይል፣ ሌላው 113 ማይል አለኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። የመጀመሪያው የየብስ ማይል ነው፤ 1,609 ሜትር። ሁለተኛው አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ሲሆን 1,852 ሜትር ነው። አባዛቸው፤ ሁለቱም 209 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዋሽንግተን ትኖራለች። የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ሳሰምር መንገዱ ሰሐራንና አትላንቲክን አቋርጦ ይሄዳል። እሷ ግን በአውሮፓ በኩል ነው የምንበረው ትለኛለች። ደግሞስ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት አርፈው፣ ሲመለሱ በቀጥታ የሚመጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፤ እርስዎንም ያሳሳትዎ ካርታው ነው። ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጉት ርቀት ይዛባል። እባክዎ ይህን በእጅዎ ይሞክሩት። ከአካባቢዎ ትምህርት ቤት የመሬት ሉል ይዋሱና የጥጥ ፈትል ያዘጋጁ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣትዎ ተጭነው ሌላውን ወደ ዋሽንግተን ይሳቡት። ፈትሉ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ሲወጠር ግን ቦታውን ራሱ ያገኛል። በሱዳንና በሊቢያ አልፎ ሜዲትራንያንን ይሻገራል፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ አትላንቲክ መሃል ድረስ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ያዘቀዝቃል። ያ የተወጠረ ክር የምድር አጭሩ መንገድ ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ጭኖ መነሣት ከባድ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የዋሽንግተን ማረፊያ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፣ ነፋሱም ከኋላ እየገፋው ልጅዎን ይዞልዎት ይመጣል።