ከጋምቤላ ጎዴ በአየር፦ ኪሎ ሜትሩና የሚፈጀው ጊዜ

«ከጋምቤላ ኤርፖርት ጎዴ ኤርፖርት በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በስንት ሰዓትስ ይደረሳል?» ብለው ለጠየቁት፦ በቀጥታ መስመር 1,025 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራስዎ ማስላት ከፈለጉ፣ ጋምቤላ ኬክሮሱ 8.13፣ ኬንትሮሱ 34.56 ነው፤ ጎዴ ደግሞ 5.94 እና 43.58። ወደ ደቡብ 2.19 ዲግሪ 243 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወደ ምሥራቅ 9.02 ዲግሪ አለ፤ በዚህ ኬክሮስ አንዱ ዲግሪ 110.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 996 ያህል ይመጣል። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። ካርታ ላይ ካሰመሩት መስመሩ በሻሸመኔ አጠገብ አልፎ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሸበሌ ይወርዳል።

ችግሩ በዚያ መስመር የሚበር መደበኛ የመንገደኛ በረራ አለመኖሩ ነው። የርቀት ማስያ ድረ ገጾች ርቀቱን ለጄት ፍጥነት አካፍለው የሚሰጡት ሰዓት ለእርስዎ አይሠራም። የሚሄዱት በቦሌ በኩል ነው፦ ጋምቤላ–ቦሌ 476፣ ቦሌ–ጎዴ 626፣ ድምሩ 1,102 ኪሎ ሜትር። እንደሚያዩት ዙሩ የጨመረው 77 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጊዜ የሚበላው ቦሌ ላይ መቀመጡ ነው።

በእነዚህ መስመሮች በብዛት የሚያገኙት ባለ ፕሮፔለሩን ኪው 400 አውሮፕላን ነው። ፍጥነቱን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይያዙና ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለማረፍ 20 ደቂቃ ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 1 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። የጎዴው በረራ ጅጅጋ ወይም ቀብሪ ደሃር የሚያርፍ ከሆነ ግን ስሌቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ሲቆርጡ «መሐል ላይ ያርፋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ይቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጡ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፤ ሻንጣዎንም ቦሌ ላይ ተቀብለው እንደገና ቼክ ኢን ማድረግ አለብዎት። ያኔ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ክፍተት አይተዉ። በአንድ ቲኬት ቢሆንም ጋምቤላ ላይ የሻንጣውን ታግ ያንብቡ፦ የመጨረሻው መድረሻ «ጂ ዲ ኢ» (የጎዴ ኮድ) ካላለ፣ «ኤ ዲ ዲ» (የአዲስ አበባ ኮድ) ብቻ ከሆነ፣ ሻንጣው ቦሌ ይቀራል። እዚያው ያስተካክሉት።

ክረምት ላይ ጋምቤላ ዝናቡ የጠዋቱን በረራ ሊያዘገየው ይችላል። ጎዴ ደግሞ ሙቀት ነው ነገሩ፤ አየሩ ሲግል ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ከባድ ጭነት ለሚቀጥለው በረራ ይቀራል። መድኃኒትና ሰነድ በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

አንድ ሌላ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ቲኬቱ ላይ 07:30 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ 13:00 ካለ 7 ሰዓት ነው። ቀኑም የፈረንጆቹ ነው።