ከማህፀን መውረድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስላለው የሽንት ጣጣ ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ሰላም እህቶቼ። ደብረ ብርሃን ማህፀን ክፍል ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ግን ዝም ብላችሁ "ሽንት አስቸገረኝ" አትበሉኝ። ስታስሉ ነው የሚያመልጣችሁ? ሽንት ቤት ሳትደርሱ ነው? ወይስ አልወጣ ብሎ ነው?

የመንዟ፦ ሲስተርዬ እናቴ ከተሰራች 2 ወሯ ነው። ማህፀኗ ወጥቶ እያለ ሽንት አያመልጣትም ነበር፣ አሁን ስታስል ስታስነጥስ ያመልጣታል። አበላሽተዋት ይሆን?

ሲስተር፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ላይሆን ይችላል። ፊኛ ሲወርድ የሽንት ቧንቧውን ያጥፈዋል፣ የውሃ ጎማ ስታጥፊው ውሃው ቀጥ እንደሚለው ማለት ነው። የእናትሽ ቧንቧ ድሮም ላልቶ ይሆናል፣ መታጠፉ ግን ደብቆት ቆየ፣ ኦፕራሲዮኑ ፊኛውን ቦታው ሲመልሰው እጥፋቱ ተፈታና ጉዱ ወጣ። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም ቀድሞ የወጣውን አስገብቶ፣ ፊኛዋ እንደሞላ "እስቲ አስይ" የሚላት። አሁን ቁስሏ ደህና ከሆነ ኬግል ትስራ፣ ዶክተር አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ስፖርት ነው። ፈስ እንደያዘች አድርጋ ወደ ውስጥ ትሳበው፣ ከቻለች እስከ 10 ሴኮንድ፣ ከዛ ያንኑ ያህል ትልቀቀው፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ትንፋሽ መያዝ፣ ሆድ መጨበጥ የለም። ቢያንስ 3 ወር ትቆይበት፣ እምቢ ካለ ቧንቧውን የሚደግፍ ሌላ ኦፕራሲዮን አለ። ደግሞ ጀሪካን! ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፣ እሱን ተሸክማ ዳገት ከወጣች የተሰራው ሁሉ መልሶ ሊወርድ ይችላል።

የሸዋሮቢቷ፦ እኔም ሽንት አስቸግሮኛል ምን ልውሰድ

ሲስተር፦ ከላይ ያልኩትን አንብቢ።

የአንኮበሯ፦ በ5ኛው ቀን ካቴተሩ (የሽንት ማውጫ ቱቦው) ወጣልኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ጠብ ብቻ ነው፣ ከእምብርቴ በታች ተነፍቻለሁ

ሲስተር፦ አሁኑኑ ሂጂ፣ ነገ እንዳትዪ። ፊኛሽ ሞልቶ ነው የሚንጠባጠበው። ካቴተሩን ለጥቂት ቀን ይመልሱልሻል፣ እብጠቱ ሲቀንስ ብዙዋ ሴት ራሷ ትሸናለች። ዝም ካልሽ ግን ፊኛው ተለጥጦ ይደክማል።

የደብረ ሲናዋ፦ ኧረ ይሄ ሁሉ ብርድ ነው፣ የጣርማበርን ብርድ የማያውቅ ነው ሐኪም ቤት የሚሮጠው፣ ድንጋይ አሙቆ መቀመጥ ነው

የመንዟ፦ አክስቴ እንዲህ ብለዋት ተቃጥላለች! ደግሞ ብርድ ቢሆን ወንዱስ ለምን አያመልጠውም

የደብረ ሲናዋ፦ ወንዱ ጋቢ አለው

ሲስተር፦ 😂 በቃችሁ። ብርድ ሽንት ያበዛል፣ ቧንቧ ግን አያላላም። ስፌት ያላትን ሴት ትኩስ ድንጋይ ላይ እንዳታስቀምጡ!

የአታዬዋ፦ እኔ ሲመጣ አያስታግሰኝም፣ ሌሊት 5 ጊዜ እነሳለሁ

ሲስተር፦ መጀመሪያ ሽንት ተመርመሪ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ንጹህ ከሆነ ቡናውን ቀንሺ፣ አቦል ይበቃል፣ ቶናና በረካ ይቅር። ውሃ ግን እንዳታቆሚ። ለዚህኛው መድኃኒትም አለው።

ስሜ ይቆይ፦ እኔ ሳላውቀው ቀንም ሌሊትም ይፈሳል፣ ሞዴስ አይችለውም

ሲስተር፦ ይሄ ከሁሉም ይለያል፣ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መሃል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ስለሚችል ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ። አዲስ አበባ ሀምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማሉ።

የሸዋሮቢቷ፦ ሲስተር የኔን አልመለሽም፣ ሽንት አስቸግሮኛል

ሲስተር፦ ስታስዪ ነው፣ ሳትደርሺ ነው፣ አልወጣ ብሎ ነው?? ሦስቴ ጻፍኩት እኮ።

የመንዟ፦ ሲስተር እናቴን ጀሪካኑን ተዪው ብላት ማን ሊቀዳልኝ አለችኝ

ሲስተር፦ ወንድሞች የሉሽም?

የመንዟ፦ 3 አሉ

ሲስተር፦ እንግዲህ።