«ሲከፈት እንጠራችኋለን» ተብለን ቀረን

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኬክ ጋጋሪ ነኝ፤ ደሞዜ በወር 9,000 ብር ነው። ሐምሌ 13 ጠዋት ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። «ለዕድሳት ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሼ (ባለቤቱን እንደዛ ነው የምንላቸው) ደውለው «ሲከፈት እንጠራችኋለን» አሉን። ይኸው መስከረም ጠባ። የሰኔ ደሞዜና የሐምሌ 12 ቀን አልተከፈለኝም። ስደውል «ቤቱ ሳይሠራ ከየት አምጥቼ?» ይሉኛል። የጽሑፍ ውል የለኝም። ደግሞ እናቴ የታመመች ጊዜ ያሳከሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ መክሰስ የሚባለውን ሳስበው ይጨንቀኛል። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ግን ከገባሁ ገንዘቤ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ

ውድ እህቴ፣

ሁለት ገንዘብ ተደባልቆብሻል። መጀመሪያ እሱን እንለየው።

የሰኔውና የሐምሌ 12 ቀኑ ሠርተሽ የጨረስሽው ነው። ወደ 12,600 ብር ይሆናል። ቤቱ ተከፈተም አልተከፈተም ያ ገንዘብ ዕዳ ነው። ሌላ ቦታ ብትገቢም አይቀርብሽም። ስለዚህ ያገኘሽውን ሥራ በዚህ ፍርሃት አታሳልፊው።

ሁለተኛው ከሐምሌ 13 ወዲህ ያለው ነው። እሱ ትንሽ ያከራክራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሥራውን ለጊዜው አግዶ ደሞዝ እንዳይከፍል የሚፈቅድበት ሁኔታ አለ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው፣ ወይም በራሱ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሲይዘው፣ ሥራውም ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆም ነው። ያኔም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ቢጸድቅ እንኳ ከ90 ቀን አያልፍም። በር ላይ ወረቀት መለጠፍ ማሳወቅ አይደለም። ራስ አቅዶ የሚያደርገው ዕድሳትም ከነዚህ ምክንያቶች ውስጥ ይገባል ብዬ አላምንም። መንግሥት ምክንያቱን ካልተቀበለው ሥራው እንዲቀጥልና ሠራተኞቹ የታገዱበት ቀን እንዲከፈላቸው ያዛል። አዋጁ ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ በራሱ ባልሆነ ምክንያት ያልሠራ ሠራተኛ ደሞዙን እንደሚያገኝም ይናገራል። አዲሱ ሥራ ከገባሽ በኋላ ላለው ጊዜ ግን ይህን ማንሳት ይከብድሻል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብትሽን አያሳጣሽም። ማስረጃ ግን ያስፈልግሻል። ደሞዝሽ በባንክ ይገባ ከነበረ ስቴትመንት አውጪ። አብረውሽ የሠሩትን ልጆች አናግሪያቸው፤ የእነሱም ገንዘብ ተይዟል፤ አብራችሁ ብትሄዱ ይቀላል። «ሂሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት ቢያመጡልሽ ብር ሳትቀበይ እንዳትፈርሚ።

አሁን ወደሚያስጨንቅሽ ልምጣ። ጋሼ እናትሽን ማሳከማቸው ትልቅ ውለታ ነው። አመስግኚያቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው በይ። የሰኔ ደሞዝሽ ግን የውለታ ክፍያ አይደለም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተሽ ዱቄት ያቦካሽበት ነው። መጠየቅሽ ውለታ ቢስ አያሰኝሽም። ደግሞ ከመክሰስ በፊት ሌላ መንገድ አለ። ዛሬ ማታ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የሰኔ ደሞዜና የሐምሌ 12 ቀን 12,600 ብር አልተከፈለኝም። መቼ እንደሚከፍሉኝ ቀኑን ቢነግሩኝ። ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ ለመሥራት ዝግጁ ሆኜ ነው ስጠብቅ የቆየሁት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተያት። ያ ዝግጁነትሽን የሚያሳይ ቃል ነው። እሳቸው «አዎ አለብኝ፣ ታገሺኝ» ብለው ቢመልሱ መልእክቱን እንዳታጠፊው። ዕዳውን አምነዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ጊዜው ስለሚሮጥ ነው። የደሞዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። የሰኔው መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል፤ ታኅሣሥን እንዳትጠብቂ። በስልክ «ታገሺ» እየተባሉ ስድስት ወር ያለፈባቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁርጥ ያለ ቀን ካልሰጡሽ ወደ ክፍለ ከተማሽ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ጠርተው ያነጋግሯቸዋል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይስማማሉ። ካልሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። የዳኝነት አትከፍይም።

ነገ ጠዋት በዚያ በኩል ካለፍሽ ደግሞ ያ ወረቀት ከበሩ ላይ ሳይነሳ ፎቶ አንሺው።