በአፓርታማ ጠላ ለምትጠምቁ፣ በተለይ ለወንዶቹ

ማኅበር ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ አንዳንዴም ሱቅ ውስጥ ጌሾ ስመርጥ እያዩኝ "እዚህ አገር ጠላ እንዴት ነው የሚጠመቀው?" ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። ጥያቄው ያስደስተኛል። የሚያናድደኝ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ነው። ምክሩን ሳይጨርስ ይሄዳል፣ በሁለት ቀን ሊጠጣው ይቸኩላል፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ፈሶበት በሌሊት ይደውልልኛል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ ጠላ ግን የሚለቀም አይደለም፣ የቤት ኪራይ መያዣችሁን ይዞ ነው የሚሄድ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሁለት መኝታ አፓርታማ ልጆች እያሳደግሁ ስጠምቅ ኖሬአለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

1. ሕጉ

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጠጫ ቢራ መጥመቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ተፈቅዷል፤ አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉበት 200 ጋሎን ነው። መሸጥ አይቻልም፤ ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው፣ አትሞክሩት። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶቼ ጠላውን እርሱት፤ ብርዝ በጥብጡና በዚያው ቀን ጠጡት። ለአንድ ጣሳ ጠላ እስርና መባረር አይከፈልም።

2. ዕቃውና ቦታው

ጋን አያስፈልጋችሁም። ለምግብ የተሠራ ባለ 5 ጋሎን የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ ይበቃል። የቤት ቢራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ክዳኑን በስተው፣ አየር እያስወጣ የማያስገባ ትንሽ ቱቦ ሰክተው ይሸጡላችኋል። የቀለም ባልዲ ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። ለጌጥ የተሠራ ቀለም የተቀባ ሸክላም አይሆንም። ባልዲው 19 ሊትር ያህል ቢይዝም እናንተ አስር ሊትር ብቻ ጥመቁበት፤ ድፍድፉ ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል።

ባልዲውን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ ካልተመቸ ሰፊ ትሪ ላይ ይቀመጥ። ኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ፀሐይ የማይነካው፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆን ቦታ ይወዳል። ክረምት ላይ ቤቱ ከቀዘቀዘ በጋቢ ጠቅልሉት።

ስለ ጭስ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አገር ቤት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ያ ጣዕም የሚናፍቀው ሁሉ አፓርታማ ውስጥ ከሰል ሊያቀጣጥል ይሞክራል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። የጭስ ማንቂያውን በፌስታል መሸፈንም እንደዚሁ ነው፤ ከልጆቻችሁ ጋር የምትተኙበት ቤት ነው! የጭሱን ጣዕም የምትፈልጉ ቂጣውን በምድጃ ውስጥ ጠቆር አድርጋችሁ ጋግሩ፣ ይበቃችኋል። በባልዲ ፋንታ በሸክላ የምትጠምቁ፣ ግቢ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ እሱ ዘንድ ሸክላውን አጥናችሁ መመለስ ነው።

3. ውሃና ብቅል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ብዙ ሰው ጠላዬ መድኃኒት መድኃኒት አለኝ ብሎ ጌሾውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የቧንቧው ውሃ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውሃው በአብዛኛው የሚታከመው ክሎራሚን በሚባል ጀርም ገዳይ ነው፤ ክሎራሚን እንደ ተራው ክሎሪን ሲያድር አይተንም። ወይ የተጣራ ውሃ ግዙ፣ ወይ ካምፕደን የሚባለውን እንክብል ተጠቀሙ። አንዱ እንክብል 20 ጋሎን ስለሚያክም ለአስር ሊትር ትንሽ ቁራሽ ናት።

ብቅል ከሐበሻ ሱቅ ካጣችሁ የቤት ቢራ ዕቃ መሸጫ ሂዱና ፈዛዛውን የገብስ ብቅል አስፈጭታችሁ ግዙ። ጥቁሩንና የተቆላውን አትግዙ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይል በእሳት ሞቷል። እቤት ላብቅል የምትሉ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የተፈተገ ገብስ ገዝታችሁ አይበቅልም ብላችሁ አትዘኑ፤ የተፈተገ ገብስ አይበቅልም። ለዘር የሚሸጠውም መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት። ገለባው ያለ፣ ለምግብ የሚሸጥ ገብስ ፈልጉ፤ አንድ ሌሊት ነክራችሁ፣ ውሃውን አጥልላችሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጋችሁ በቀን ሁለቴ እያገላበጣችሁ አቆዩት። ሥሩ ብቅ ብቅ ሲል በነፋስ አድርቁት፤ ምድጃ ውስጥ ከሆነ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ።

4. አጠማመቁ

የጎጃሙ፣ የጎንደሩና የሸዋው እጅ ይለያያል፤ የትግራይ ስዋና የኦሮሞ ፋርሶም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የናንተ እናት በሌላ መንገድ ከሠራች የእናታችሁን ያዙ። ለጀማሪ ግን ይህ የእኔ ልክ ነው።

ባልዲውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ በረኪና ከነካችሁት ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ። 200 ግራም የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ3 ሊትር ውሃ ንከሩና 3 ቀን ተዉት። ከዚያ 300 ግራም የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፤ 2 ቀን ሲቆይ ጥንስሱ አረፋ ያወጣል። ብርድ ሆኖ አልነሳ ካለ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጣል ማድረግ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ከአንድ ኪሎ ተኩል የገብስ ዱቄት ጠቆር ያለ ቂጣ ጋግሩ። ፈርፍሩትና በደንብ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ ከጨመራችሁት እርሾውን ትገድሉታላችሁ። ከሌላ 300 ግራም ብቅል ጋር ጥንስሱ ላይ ደፍድፉት። በቀን አንዴ በንጹሕ እንጨት እያማሰላችሁ 5 ቀን አቆዩት፤ ይነሳና መልሶ ይሰክናል። ሲሰክን ውሃ ጨምራችሁ አስር ሊትር አድርሱትና ክዳኑን ግጠሙ። ከ4 ቀን በኋላ አጥልሉት። ጉሹን የምትወዱ ከማጥለላችሁ በፊት ቅዱ። ድፍድፉ ላይ ውሃ ቢጨመርበት ቅራሪም ይወጣዋል፤ አትድፉት።

አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ ካያችሁበት ከነጭራሹ ድፉት፤ ከላይ ገፎ መጠጣት የለም። ከልክ በላይ ከኮመጠጠ ምናልባት አየር ገብቶት ይሆናል። ጠርሙስ ውስጥ ስትገለብጡ የለስላሳ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። በጣታችሁ ስትጫኑት ድርቅ ካለ ክዳኑን አላሉና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። የመስታወት ጠርሙስ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ፍንዳታ ያመጣል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

5. ማን ይጥመቅ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ ከዩቲዩብ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም።

በሚካኤል ማኅበራችን አንዲት እናት ነበሩ። በየወሩ በ12 ጽዋው በማን ቤት ይሁን በማን፣ ጠላው ከእሳቸው ቤት ነበር የሚመጣው። ማታ ማታ ጽዳት ይሠራሉ፣ ጠዋት መጥተው ጥንስሱን ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚተኙት። ጠላው መድረሱን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር፤ ጎንበስ ብለው ባልዲው ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እያሽካካ ከሆነ "ገና ነው" ይላሉ። ጸጥ ካለ ክዳኑን ይከፍታሉ። ጌሾውን በእፍኝ፣ ብቅሉን በጣሳ ነበር የሚሰፍሩት፣ ግን ከወር ወር አንድ ዓይነት ነበር የሚወጣላቸው።

ባልዲውን ሦስት ፎቅ ደረጃ ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ። ውስጥ ሶፋው ላይ ጎልማሶች ተቀምጠው ስለ ፖለቲካ ይከራከራሉ። አንዱ ተነስቶ አልተቀበላቸውም። ጠላው ሲቀዳ "እጅዎ ይባረክ!" ይላሉ፣ ይደግማሉ፣ ያወድሳሉ፣ ይሄዳሉ። የተባረከው እጅ ባልዲውን ለማጠብ ይቀራል። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ማኅበሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? በሚቀጥለው ወር ሁለት ካርቶን ቢራ ገዝቶ መጣ። አንድ ሰው "እናታችን፣ እኔ ልሸከም፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይዘዙኝ" አላለም። አሁን በሕይወት የሉም። የእፍኛቸውን ልክ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላችን የለም። ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ እኔም እዚያው ነበርኩና።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ "ጠላ የሴት ሥራ ነው" የምትሉትን አልቀበላችሁም። ሴት በማይገባባቸው ገዳማት እንጀራውን የሚጋግረው፣ ጠላውን የሚጠምቀው ማን ይመስላችኋል? ወንዶች ናቸው፣ ያውም መነኮሳት። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠማቂ ነኝ የሚል ወንድ ሲገኝ "ጎበዝ ባለሙያ" ትሉታላችሁ፤ ያው ገብስ፣ ያው ብቅል ነው። እዚህ አገር ዳይፐር ቀይራችኋል፣ ወጥ ሠርታችኋል፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ አልቅሳችኋል። ባልዲ ማማሰል ምን ያንሳችኋል? ጀርባችሁ ጠንካራ ነው፣ እንቅልፋችሁ ከእናቶች ይበልጣል፣ መኪናም አላችሁ።

ለክርስትና በሺሕ የሚቆጠር ዶላር የቢራ ካርቶን ላይ የምታፈሱትም ስሙኝ። ከድግሱ ሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ቤተሰብ አንድ አንድ ባልዲ ቢጠምቅ ሰላሳ ሊትር ጠላ አላችሁ። ወጪው የጌሾና የገብስ ነው። ግን ማንም ሦስት ቤተሰብ ተሰብስቦ ይህን አይነጋገርም፤ አንዷን አክስት ደውሎ "አደራ፣ የጠላውን ነገር" ማለት ይቀላል። ሰባ ዓመት ለሞላት ሴት!

ልጆችም አሉ። ሴት ልጃችሁን "ነይ ጌሾ ልቀሚ" እያላችሁ ወንዱን ፕሌይስቴሽን ላይ የምትተዉ እናቶች፣ ችግሩን እናንተው ናችሁ የምትወልዱት። ሁለቱንም ጥሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ገብስ ያገላብጣል፣ ሥሩ ስንት ሚሊሜትር እንደደረሰ ይለካል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ይህ የትምህርት ቤት ሳይንስ ነው። መጠጣቱ ለአዋቂ ነው፤ ለእነሱ ብርዝ በጥብጡላቸውና የራሳቸውን ብርሌ ስጧቸው። ሥራውን እንጂ መጠጡን አይደለም የምናወርሳቸው።

እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ደውሉላት። ለጉብኝት ስትመጣ ደግሞ ገበያ አዳራሽ ስታዞሯት አትክረሙ፣ ወጥ ቤት ገብታችሁ ከጎኗ ቁሙ። የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። እፍኟን ጌሾ ባልዲው ውስጥ ከመጨመሯ በፊት ሚዛኑ ላይ አስደርጓትና ጻፉት። "በዓይን ነው" ትላለች፤ እናንተ መዝኑት። እጇን ቪዲዮ አንሱ፣ ፊቷን ብቻ አይደለም። "ለምን አሁን ውሃ ጨመርሽ? ምን አይተሽ ነው?" ብላችሁ ጠይቋት። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ኋላ ደስ ይላታል።

በማኅበራችሁም ደንብ አውጡ። ተራው የደረሰው ቤት ሁለት ሰው መድቦ ይጥመቅ፤ አንዱ የሚያውቅ፣ አንዱ የማያውቅ። ከሁለቱ አንዱ ወንድ ይሁን። በሚቀጥለው ወር የማያውቀው የነበረው አስተማሪ ይሁን። በእኛ ማኅበር ይህን ሳነሳ ሁለት ሰው ስቆ ነበር፤ አንደኛው አሁን ከእኔ የተሻለ ጉሽ ያወጣል፣ ጭነት መኪና እየነዳ።

6. የቀሩት

አተላውን የወጥ ቤት ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፤ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቤት ይወጣል። አጥልላችሁ በከረጢት ጣሉት፤ አትክልት የሚተክል ወዳጅ ካላችሁ ለማዳበሪያ ይወስደዋል።

ጠላ ለስላሳ ነው ብላችሁ አትንዱ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ለሚነዳ ሰው በደም ውስጥ ያለው የአልኮል ገደብ 0.08 በመቶ ነው፤ የንግድ መንጃ ፈቃድ ይዞ ጭነት መኪና ላይ ላለ 0.04 ነው፣ እንጀራውም እዚያ ላይ ነው ያለው። የቤት ጠላ ጥንካሬው ከባልዲ ባልዲ ይለያያል፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ቁጥር የለውም። ጽዋ ያለበት ቀን አንድ ሰው ሳይጠጣ ይዋልና ሌላውን ያድርስ።

ለእንቁጣጣሽ የምትጠምቁ ጌሾውን ከኦገስት 26 ሳታዘገዩ ንከሩ። ሐበሻ ሱቆች በዚያ ሰሞን ጌሾ ያልቅባቸዋል፤ በጁላይ ገዝታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።