ስፖንሰር ለምትፈልጉ ወጣት አሰልጣኞች

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በግላችሁ ሰው ስፖርት የምታሠሩ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው። በዚያ ብርድ ማለዳ ወጥታችሁ ሰው ስታሯሩጡ ሳይ ደስ ይለኛል። ከምትጠይቁኝ ሁሉ ግን አንዱ አይቀርም፦ «ጋሼ፣ ስፖንሰር እንዴት ይገኛል?»

ነጋዴ ፊት እንደ ተረጂ አትቁሙ። «ወጣቶች ነን፣ አግዙን» የሚል ደብዳቤ በየቢሮው ተቆልሏል። ባለሀብቱ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። ስንት ሰው ታሠራላችሁ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ምን ይገዛሉ? እውነቱን ንገሩት። 30 ሰው ካላችሁ 30 በሉ። ሳያቋርጥ የሚመጣ 30 ሰው ቴሌግራም ላይ ከተከማቸ ሺህ ስም ይበልጣል።

አበበ ቢቂላን አስቡት። የዚሁ የሸዋ ምድር ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1953 ዓ.ም. ኦሳካ ሲሮጥ ደግሞ የጃፓኑ ጫማ ሰሪ ኦኒትሱካ ጫማ አቀረበለት፤ በዚያው ጫማ አሸነፈ። ጫማ ሰሪው ደጁ የመጣው ሥራውን ካየ በኋላ ነው። እናንተም መጀመሪያ የሚታይ ሥራ ይኑራችሁ።

ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው ኢንዱስትሪ ፓርኩና ቢራ ፋብሪካዎቹ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቅ ድርጅት ጋ ስትሄዱ ግን ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚመጣው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የተቀመጠው የማርኬቲንግ ኃላፊ አያውቃችሁም። መሞከራችሁ ካልቀረ በጀታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምረውን ለዩና ጥያቄያችሁን በሚያዝያ አድርሱ።

ቢራ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ታዳጊ የሚያሠራ አሰልጣኝ የቢራ ስም የተጻፈበት ቲሸርት ማልበስ የለበትም። ሕጉ ባይኖርም ይህን እላችሁ ነበር።

ከሰፈራችሁ ጀምሩ። በሶ የምታዘጋጅ ባልትና ቤት ለሯጭ ከማን ታንሳለች? ወተት አከፋፋይ አለ፣ የስፖርት ትጥቅ ሱቅ አለ፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል አለ። ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። ከልምምድ በኋላ የሚጠጣ በሶ፣ ውኃ፣ ቲሸርት፣ ክረምት ሲገባ የምትሠሩበት አዳራሽ፣ ሁሉም ስፖንሰርነት ነው። ጥሬ ብር ለማውጣት የሚያመነታ ነጋዴ ዕቃውን ሳይከብደው ይሰጣል። እሱ ከሰጣችሁ እናንተም ስሙን ቲሸርታችሁ ላይ አትማችሁ በየማለዳው በከተማው ሩጡ።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። እሱ ምን ይሰጣል፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ ለስንት ወር ነው? 3 ወር ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። የቃል ስምምነት ወዳጅ ያጣላል። ወሩ ሲያልቅ ሳትጠየቁ ፎቶና ምን ያህል ሰው እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የሚያደርግ ወጣት ብዙም አላየሁም፤ የሚያደርገው ግን ውሉ ይታደስለታል።

ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ቀድማችሁ አውጡ። ድርጅት ለአገልግሎት ሲከፍላችሁ ቲን ካላቀረባችሁ በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት 30 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል።

አንድ ቀን ስፖንሰር አድራጊያችሁ የሠልጣኞቻችሁን ስልክ ቁጥር ይጠይቃችሁ ይሆናል። ወይም የማታምኑበትን የጡንቻ ማፋፊያ ዱቄት «ጥሩ ነው በሉ» ይላችኋል። ቤት ኪራይ የደረሰበት ወር ሊሆን ይችላል፣ ይገባኛል። ያኔም ቢሆን እምቢ በሉ። እነዚያ ሰዎች ጉልበታቸውንና ልባቸውን ለእናንተ አምነው ነው በሌሊት የሚነሱት። ስፖንሰር ከሄደ ሌላ ይፈለጋል። ከስምምነቱ ገጽ ግርጌ ላይ «የሠልጣኞች አድራሻ ለማንም አይሰጥም» የሚል መስመር ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ።