የሠፈር ጥያቄና መልስ፦ ቆሻሻችን ከደጅ ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?

ዛሬ የሚመልሱልን አዲስ አበባ ውስጥ በቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበር 14 ዓመት ቤት ለቤት የዞሩ አባላችን ናቸው። አሁን ለነዋሪዎች የብስባሽ አሠራር፣ ማለትም ልጣጭን አበስብሶ ለተክል የሚሆን አፈር ማድረግን፣ ያሳያሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጋሼ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ስባሪ ጠርሙስ፣ ምላጭና መርፌ እንዲሁ የቆሻሻ ማዳበሪያ (ጆንያ) ውስጥ አትጣሉ። በካርቶን ጠቅልሉና እሰሩት። ላዩ ላይ «ስለት» ብላችሁ ጻፉ። አሁን ጠይቁኝ።

ከጀሞ፦ ጋሼ፣ የቤት ቆሻሻ ስንት ዓይነት ነው?

ጋሼ፦ እኔ በአራት እከፍለዋለሁ። እርጥቡ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተረፈ እንጀራ፣ የቡና አተላ ነው። ደረቁ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ ነው። አደገኛው ባትሪ፣ መርፌ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የቀለምና የፀረ ተባይ ዕቃ ነው። የቀረው ዳይፐር፣ ሞዴስና የቤት ጥራጊ ነው።

ትልቁ እርጥቡ ነው። የአንድ ቤት ማዳበሪያ ብታራግፉት ከግማሽ በላይ የሚወጣው የማድ ቤት ተረፈ ምርት ነው። ማዳበሪያውን ትከሻዬ ላይ ሳነሳ የቲማቲሙ ውሃ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። ያው ውሃ ካርቶኑን ያበሰብሰዋል። የሚሸጠው ሁሉ የማይሸጥ ይሆናል። ስለዚህ እርጥብና ደረቁን ከቤት ለዩ። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ማን ይለየዋል?

ከገርጂ፦ ክፍያው ስንት ነው?

ጋሼ፦ ከውሃ ቢል ጋር ነው የሚከፈለው። ስለ ሂሳቡ ወረዳ ጠይቁ።

ከአየር ጤና፦ እኔ ቆሼ አጠገብ ነው ያደግሁት። ለምን እስከ ዛሬ ሌላ የቆሻሻ መጣያ ቦታ አልተገኘም?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ለሌሎቹ ልንገራቸው። ማህበሩ ከየቤቱ ሰብስቦ በጋሪ ወደ ገንዳ ያደርሳል። ከገንዳው መኪና ያነሳዋል። መኪናው ከ50 ዓመት በላይ ሲያራግፍ የኖረው ረጲ፣ ቆሼ ነው። ቦታው 36 ሄክታር ገደማ ነው። ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ሄዶ ከበበው።

ምትክ ተሞክሯል። በ2008 ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ከብታችንንና ውሃችንን ጎዳብን ብለው ተቃወሙ። በወራት ውስጥ ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ክምሩ ተናደ። ሥሩ ቤት ሠርተው ከሚኖሩት ከ110 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ለምን ተናደ ለምትሉ፣ ሳይጠቀጠቅ ቀጥ ብሎ የተቆለለ እርጥብ ነገር አይቆምም። ሲበሰብስ ውሃና ጋዝ ያወጣል። ውስጡ ይላላል። ከዚያ በኋላ በጃፓን ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ገባ። የተበሳ ቱቦ ከሥር ይቀበራል። ቱቦው የቆሻሻውን ውሃ ያስወጣል፣ አየር ያስገባል። አየር ሲገባ ጋዙ ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋጋል።

ከሰሚት፦ እዚያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶ የለ? ሁሉን አቃጥሎ መገላገል ነው።

ጋሼ፦ ነሐሴ 2010 ተመርቋል። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው። ግን እህቴ፣ እርጥብ እንጨት ከሰል ማንደጃ ላይ አድርገሽ ታውቂያለሽ? እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማትነን ነው። የእኛ ቆሻሻ ደግሞ የጎመንና የድንች ልጣጭ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ይጨመርበታል። ሲቃጠልም አመድ ይተርፋል፤ አመዱም ቦታ ይፈልጋል። ማመንጫው ጥሩ ነው። የምትልኩለት ግን ደረቅ መሆን አለበት። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን፦ ለዩ።

ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ ስለ ቆሻሻ ምን ይመክሩናል?

ጋሼ፦ ይኼ ጥያቄ አይደለም። ቤትህ ያለውን አንድ ችግር ንገረኝ።

ከአየር ጤና፦ ደረቁን ለቆራሌው መስጠት ነው። ይቺን ከተማ ያቆማት ቆራሌው ነው።

ከሰሚት፦ ቆራሌው? ባለፈው የውሃ ቆጣሪያችን ክዳን የጠፋው ማን ወስዶት ነው?

ከአየር ጤና፦ አይተሻል ሲወስድ? የሠፈር ሌባ የሰረቀው ሁሉ በእሱ ይላከካል። ፀሐይ ላይ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞር ልጅ የድካሙን ነው የሚበላው።

ከሰሚት፦ የሚገዛው ባይኖር የሚሰርቅም አይኖርም።

ከጀሞ፦ እኛ ሠፈርስ መታወቂያ ያላቸው ብቻ ናቸው የሚገቡት።

ጋሼ፦ ይብቃችሁ። ስለ ክዳኑ ፖሊስ ጋ ሂዱ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሃይላንዱ፣ ብረቱና አሮጌው ጫማ በቆራሌውና በልዋጭ እጅ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ይጠገናል፣ ይቀለጣል፣ ይሸጣል። ያን ሁሉ ሸክም ከቆሼ ያስቀሩት እነሱ ናቸው።

ከገርጂ፦ ብንለይስ? መኪናው ላይ አንድ ላይ ነው የሚጭኑት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሼ፦ እኔም አይቻለሁ። በገዛ እጄም ጭኛለሁ፤ የቀረበልን አንድ መኪና ስለነበር። ስለዚህ መኪናውን አትጠብቁ። ደረቁን ለቆራሌው ስጡ፣ እርጥቡን ቤት አስቀሩ። ለመኪናው ትንሹ ብቻ ይተርፋል።

ከየካ አባዶ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። መሬት የለኝም። እርጥቡን የት ላድርገው?

ጋሼ፦ ይኼን ነው ስጠብቅ የነበረው! ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ አምጪ። ታቹንና ጎኑን በጋለ ምስማር ብሺ። ከሥሩ ሳህን አድርጊለት። መጀመሪያ አንድ ጭብጥ የሚሆን ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን አንጥፊ። ሰጋቱራ እንጨት ቤት በነጻ ይሰጡሻል። በላዩ የቀኑን ልጣጭ ከትፈሽ ጨምሪ፣ እንደገና በሰጋቱራ ሸፍኚ። በሳምንት አንዴ በዱላ አገላብጪው።

መለኪያው እጅሽ ነው። አንድ ጭብጥ አንሥተሽ ጨምቂው። ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው። ውሃ ከወረደው ደረቅ ጨምሪ። ከተፈረከሰ ውሃ እርጪበት። ሥጋ፣ ወተትና ዘይት አታስገቢ። ሦስት ወር ገደማ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ጤና አዳምሽን ትከይበታለሽ።

ከሳሪስ፦ ባልዲው ይሸታል? ዝንብስ?

ጋሼ፦ ከሸተተ ረጥቧል፤ ሰጋቱራ ጨምር። ዝንቡም ልጣጩ ሳይሸፈን ሲያድር ነው የሚመጣው።

ከጦር ኃይሎች፦ የጫት ገረባ ይገባል?

ጋሼ፦ ቅጠሉ ይገባል። እንጨቱን አድቅቀው፣ አለዚያ ዓመት ይፈጃል።

ከመገናኛ፦ የከሰል አመድስ?

ጋሼ፦ ለብስባሹ በጣም ጥቂት። ወደ ገንዳ የሚሄደው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ፍሙ ያልጠፋ አመድ ገንዳ ሲያቃጥል አይቻለሁ።

ከጀሞ፦ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትስ?

ጋሼ፦ እሱን ፋርማሲስት ጠይቁ።

ከሰሚት፦ ፌስታል ተከለከለ አይደል?

ጋሼ፦ በ2017 አዋጅ ወጥቶበታል። የ1999ኙም ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ዘንቢል ያዙ።

ከላፍቶ፦ ጋሼ፣ አሁን ገባሁ። እርጥብና ደረቅ መለየት ምን ይጠቅማል?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ሦስቴ መልሼዋለሁ። ከላይ ጀምረህ አንብብ። ስለቱንም በካርቶን ጠቅልል።

ከየካ አባዶ፦ ስለ ስለቱ ደጋግመው የሚያነሱት ምን አይተው ነው?

ጋሼ፦ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ማዳበሪያውን ልታጠባብቅ ስትጫነው የተሰበረ ብርጭቆ መዳፏ ውስጥ ገባ። ጓንቱን አልፎ። በጋሪያችን ነው ጤና ጣቢያ ያደረስናት።

ከየካ አባዶ፦ አሁን ደህና ናት?

ጋሼ፦ ሁለት ጣቷ አይታጠፍም። አሁንም ሥራ ላይ ናት፤ ማዳበሪያውን በግራ እጇ ነው የምታነሳው።