የሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና እንደታሰበው ካልሆነ ካሳ መጠየቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሹፌር ስሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ የግል የዓይን ሕክምና ማዕከል ላሲክ የተባለውን የሌዘር ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። የሩቁ ጠርቶልኛል፤ ለንባብ ግን አሁንም መነጽር ያስፈልገኛል፣ ማታም የመኪና መብራት ዙሪያውን ይበተንብኛል። «ከመነጽር ይገላገላሉ» ተብዬ ነበር። እዚሁ ሐዋሳ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ሁለቱ ቅሬታዎችዎ በሕግ ፊት እኩል ክብደት የላቸውም። ላሲክ ኮርኒያን፣ ማለትም ብርሃን አሳላፊ የሆነውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ በሌዘር በመቅረጽ የሩቅ ዕይታን የሚያስተካክል ሕክምና እንጂ፣ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ሲሄድ የሚመጣውን የንባብ ችግር የሚያስቀር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሐኪሙ ውጤቱን በግልጽና በጽሑፍ ካላረጋገጠ በስተቀር፣ የታሰበው ውጤት ባለመገኘቱ ብቻ ኃላፊ አያደርገውም። በቃል የተነገረዎት ተስፋ ስለዚህ ብቻውን አያስረታዎትም።

የማታው ችግር ግን የተለየ ነው። የብርሃን መበተን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት በመሆኑ መከሰቱ በራሱ ጥፋትን አያሳይም፤ ሆኖም ሹፌር መሆንዎን እያወቁ ይህን አስቀድመው ካልነገሩዎት፣ ወይም የኮርኒያዎን ቅርጽና ውፍረት ሳይለኩ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ፣ በአንቀጽ 2031 መሠረት የሙያ ጥፋት ስለመኖሩ መከራከር ይቻላል። በተቀጣሪ ሐኪም ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ተቋሙ በአንቀጽ 2651 ኃላፊ ነው። የስምምነት ቅጽ ፈርመው ከሆነም ፊርማዎ ከዚህ ጥፋት ነጻ አያወጣቸውም። (ቅጹን በእንግሊዝኛ ብቻ አሳትሞ በጥድፊያ ማስፈረም የተለመደ መሆኑ ያሳዝናል።)

ክርክሩ የሚወሰነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተጻፈው ወረቀት ነውና፣ የምርመራ ውጤቱንና የፈረሙትን ቅጽ ጨምሮ የሕክምና መዝገብዎ ግልባጭ እንዲሰጥዎት ማዕከሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሐዋሳ ላይም ከሌላ የዓይን ሐኪም የምርመራ ማስረጃ ይያዙ። አሠሪዎ ከማታ ጉዞ አውጥቶዎት ገቢዎ ቀንሶ ከሆነ የእርሱ ደብዳቤም ለካሳው ስሌት ይጠቅማል።

ክሱን ሐዋሳ ማቅረብ አያዋጣም፤ ተከሳሹ ያለውም ውሉ የተፈጸመውም አዲስ አበባ ስለሆነ የሚቀርበው እዚያው ነው። ከውል ውጭ ለሆነ ኃላፊነት ይርጋው (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) በአንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ሲሆን፣ በውል ለተመሠረተ ክስ በአንቀጽ 1845 አሥር ዓመት ነው። ተከሳሹ አጭሩን እንደሚያነሣ አይጠራጠሩ፤ ስለዚህ በረጅሙ ሳይተማመኑ ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ ክሱን ያስገቡ።